ሐተታ ዘባሌስትራ፦ ስለ ፒካፕ ኋላ መነሣት፣ መንሥኤውና መዘዙ

መቅድም

የሰው ልጅ ስለ ነፍስ አለመሞት፣ ስለ ከዋክብት ዑደትና ስለ መንግሥታት አወዳደቅ ብዙ ብራና ፈጅቷል፤ ስንት ፍየልም በዚሁ ሰበብ ቆዳዋን አጥታለች። ከፒካፕ መኪና ኋላ ተጎንብሶ፣ ባሌስትራውን በባትሪ እያበራ «ይሄ ነገር እስከ ስንት ኩንታል ይችላል?» ብሎ የጠየቀው ግን ሊቅ ሳይሆን ሲሚንቶ የጫነ ነጋዴ ነው። ይህ ለሊቃውንቱ ነውር ነው። እኛም ነውሩን ልንሽር ብዕራችንን አንሥተናል።

የጥናታችን ወሰን ጠባብ ነው፤ ጥልቀቱ ግን የሚያዞር ነው። የምንመረምረው የቶዮታ ሃይሉክስ ባለ ሁለት ጋቢና ፒካፕን የኋላ እግር ብቻ ነው፤ ይኸውም ባሌስትራውን፣ ሾክ አብዞርበሩን፣ እነዚህንም ከሻንሲው ጋር የሚያስሩትን ቡሽና ቡሎኖች፣ በተለይ ደግሞ ፋብሪካው ያሰረው ወጥቶ ከገበያ የተገዛ ሌላ ዕቃ የሚገባበትን ሥርዓት። የፊቱን እግር ለሌላ ሊቅ ትተናል። ሁሉንም እኛ ብንጽፈው ለመጪው ትውልድ ምን ይተርፈዋል?

ክርክራችን ሲጨመቅ እንዲህ ነው፦ ጉድጓድ አይጠፋም፤ ከአንዱ ወደ ሌላው ይተላለፋል። ባሌስትራውን ያጠነከረ ሰው መንገዱን ያሸነፈ ይመስለዋል፤ ያደረገው ግን የጉድጓዱን አድራሻ መቀየር ብቻ ነው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የዚህ ማስረጃ ነው።

ምዕራፍ አንድ፦ ኋላው ስለ ምን ይነሣል?

አባቶች አንድን ኃይለ ቃል በአንድ ፍቺ ብቻ አይለቁትም፤ እኛም የመኪና ኋላ መነሣትን በአንድምታ እንፈታዋለን።

አንድም ጭነት ስለ በዛ ነው። ሃይሉክስ እ.ኤ.አ. በ1968 ሲወለድ ለሥራ ተወልዷል፤ የዛሬዎቹም እንደ ሞዴላቸው አንድ ቶን ገደማ እንዲጭኑ ይፈቀድላቸዋል። በእኛ ገበያ ግን የመኪና አቅም የሚለካው በፋብሪካ ወረቀት አይደለም፤ ጎማው ፓራፋንጎ እስኪነካ ድረስ ይጫናል፤ ከዚያ በኋላ አንድ ሰው ከላይ ይቀመጣል።

አንድም መኪናው ስላረጀ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ማስገባትን በታክስ ካከበደው በኋላ፣ አገር ውስጥ ያለው አሮጌ መኪና የበለጠ ተወደደ፤ ባለቤቱም እንደ ቅርስ ይጠብቀው ጀመር። መኪናው በእንክብካቤ ሊኖር ይችላል፤ ባሌስትራው ግን ሚሊዮን ጊዜ ጎብጦ ሚሊዮን ጊዜ ተቃንቷልና ይደክማል፤ ቅስቱም ይረግባል።

አንድም መንገዱ ስለ ከፋ ነው። መኪና በአፄ ምኒልክ ዘመን፣ በ1900 ዓ.ም. አካባቢ፣ አዲስ አበባ ከገባ ጀምሮ በመኪናና በመንገድ መካከል የቆየው ክስ ፍርድ አላገኘም።

አንድም ጎረቤት ስላስነሣ ነው። ይህ ምክንያት በየትኛውም ጋራዥ ደረሰኝ ላይ አይጻፍም፤ ከአራቱ ግን ብርቱው እሱ ነው።

ምስጢሩን ለሚሻ፦ አራቱም በሽታዎች አንድ መልክ አላቸው፤ መድኃኒታቸው ግን አይገናኝም። የመጀመሪያው ተጨማሪ አቅም ይፈልጋል። ሁለተኛው የድሮውን ቁመት የሚመልስ አዲስ ባሌስትራ እንጂ ጠንካራ ባሌስትራ አይፈልግም። ሦስተኛው አብዛኛውን ጊዜ የሾክ አብዞርበር ጉዳይ ነው። አራተኛው ጋራዥ አይገባም። ይሁን እንጂ አራቱም በአንድ በር ገብተው አንድ ቃል ይናገራሉ፦ «ከኋላ ከፍ አድርግልኝ።»

ምዕራፍ ሁለት፦ ስለ ባሌስትራ ባሕርይ

ሮበርት ሁክ የተባለው እንግሊዛዊ ባሌስትራም የሚገዛለትን የሞላ ሕግ ባገኘ ጊዜ ሌላ ሰው እንዳይቀማው ፈራ። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ1676 አሥራ አራት ፊደላትን በተራ ደርድሮ በእንቆቅልሽ አሳተመው፤ ፍቺውን የገለጠው ሁለት ዓመት ቆይቶ በ1678 ነው። ሰሙን አሳይቶ ወርቁን የሸሸገ ፈረንጅ ከወዴት ይገኛል ለሚለን መልሳችን ይኸው። ወርቁም ይህ ነው፦ ሞላ የሚጎብጠው በተጫነበት ክብደት ልክ ነው፤ ክብደቱ እጥፍ ሲሆን ጉብጠቱም እጥፍ ይሆናል። ከዚያ እ.ኤ.አ. በ1804 ኦባዳያ ኤሊየት የተባለ የለንደን ሠረገላ ሠሪ ቅስት ባሌስትራዎችን ፊት ለፊት ገጥሞ ከሠረገላ ሥር አሰረ፤ የእንግሊዝ መኳንንት ወገብም ዕረፍት አገኘ።

የሃይሉክስ ባሌስትራ በርዝመት የሚበላለጡ የብረት ቅጠሎች ተደራርበው፣ በመሃል ቡሎን ተወግተው፣ በዩቦልት ከአክስሉ ጋር የታሰሩበት ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚለው ብሂል እዚህ የምሕንድስና ሕግ ይሆናል፤ ቅጠሎቹ ሸክሙን ይካፈላሉ፤ ግትርነቱም በቁጥራቸው ልክ ያድጋል። ከታች ያለው ቀጥ ያለ ወፍራም ቅጠል ደግሞ የተለየ ማዕርግ አለው። መኪናው ባዶ ሲሆን ሥራ ፈትቶ ይውላል፤ ጭነት ሲበዛ ከላይ ያሉት ጎብጠው እስኪደርሱበት ይጠብቃል፤ ከዚያ ይሸከማል። ይህን ቅጠል «ምንም አይሠራም» ብሎ የሚያስወጣ ሰው ከባድ ጭነት በሚመጣበት ቀን የሚፈልገውን ረዳቱን አባሯል።

አሁን ወደ ቁጥር እንግባ፤ ቁጥር የሌለው ድርሳን ስብከት ነውና። ባሌስትራው አራት እኩል ቅጠሎች አሉት እንበል። አምስተኛ ሲጨመርበት ግትርነቱ በ25 ከመቶ ያድጋል። አምስተኛው የተጨመረው «ወፈር ያለ ይሻላል» ተብሎ ውፍረቱ እጥፍ ከሆነ ግን ያ አንድ ቅጠል ብቻውን የስምንት ያህል ይገትራል፤ ግትርነት በውፍረት ሦስተኛ ርቢ ያድጋልና። ባለቤቱ አንድ ቅጠል ያስገባ ይመስለዋል፤ መኪናው ግን ስምንት ያህል ቅጠል ተሸክሟል። ከተጨማሪ ቅጠል አስገቢዎች መካከል ይህን ሒሳብ ሠርቶ የሚያስከፍል ቢገኝ ለዋጋው አንከራከርም።

የባዶ መኪና አንዱ ጎን በሚሊሜትር 24 ኒውተን የሚገትር ባሌስትራ ይዞ 300 ኪሎ ተሸክሟል እንበል። ይህ ባዶ መኪና በሰኮንድ 1.4 ጊዜ ገደማ ይወዛወዛል። ለሰው ወገብ የሚስማማው በሰኮንድ ከ1 እስከ 1.5 ጊዜ ስለሆነ መንገደኛው ይደላዋል። ግትርነቱ እጥፍ ሲሆን ውዝዋዜው ወደ 2 ያሻቅባል። በባዶው ሃይሉክስ የኋላ ወንበር የሚንገጫገጩት ልጆች የሚያሰሙት ድምፅ የዚህ ቁጥር ንባብ ነው።

ምዕራፍ ሦስት፦ ስለ አምስቱ አብያተ ትምህርት

ቅኔ ዋድላ፣ ጎንጅና ዋሸራ እየተባለ በቤት እንደሚከፈል ሁሉ፣ ኋላ የማስነሣት ትምህርትም ቤቶች አሉት። በአዲስ አበባ ከመርካቶ እስከ ሶማሌ ተራ በምልከታችን አምስት አግኝተናል።

ቤተ ቅጠል አንድ ተጨማሪ ቅጠል የሚያስገቡት ናቸው። ጭነቱ የታወቀና የማይለዋወጥ ለሆነበት መኪና ተገቢ ትምህርት ነው፤ ዘወትር አንድ ዓይነት ሸቀጥ የሚያመላልስ ሰው ይመሰክርላቸዋል። ጭነቱ አንድ ቀን 800 ኪሎ፣ አንድ ቀን አንድ ከረጢት ድንች ለሆነበት ግን መኪናው ሁልጊዜ ለሌላ ቀን የተዘጋጀ ይሆናል።

ቤተ ማንጠልጠያ ባሌስትራውን ከሻንሲው ጋር የሚያያይዘውን ማንጠልጠያ የሚያስረዝሙት ናቸው። እዚህ ጂኦሜትሪ ታላቅ ተንኮል ትሠራለች፤ ማንጠልጠያው በ10 ሳንቲም ቢረዝም መኪናው የሚነሣው በ5 ሳንቲም ብቻ ነው፤ የባሌስትራው ሌላ ጫፍ አልተነካምና። ባለቤቱ ለ10 ሳንቲም ከፍሎ 5 ይዞ ሲሄድ ተታለልኩ ይላል፤ ያታለለው ግን ባለ ጋራዡ ሳይሆን አንግሉ ነው። በዚህ ቤት ውስጥ ደግሞ በአክስሉና በባሌስትራው መካከል የብረት ኩብ የሚያስገቡ አሉ። ኩቡ በረዘመ ቁጥር በጠንካራ አነሳስ ጊዜ አክስሉ የበለጠ ይሽከረከራል፤ ባሌስትራውም እንደ «ኤስ» ፊደል ይጠማዘዛል።

ቤተ ነፋስ የአየር ከረጢት የሚያስገቡ ናቸው። ትምህርቱ ከአሜሪካ ነው፤ በሚሺጋን ግዛት ላንሲንግ ከተማ ኤር ሊፍት የተባለው ኩባንያ ከእ.ኤ.አ. 1949 ጀምሮ ይሠራበታል። ከረጢቱን ለጭነት ነፍቶ ለባዶ መቀነስ መቻሉ ከሁሉ የሚልቅ ጥበብ ነው፤ እናመሰግነዋለን። ነገር ግን ባሌስትራ ባለው ፒካፕ ላይ ከረጢቱ የሚቀመጠው በአክስሉ ትክክል፣ ሻንሲው ሸክም ለመቀበል ባልተሠራበት ቦታ ላይ ነው። ባሌስትራው ሸክሙን ከፊትና ከኋላ በሁለት ጫፉ ለሻንሲው ያካፍል ነበር፤ ከረጢቱ ግን በአንድ ነጥብ ይገፋል። ከአክስሉ ኋላ ብዙ ጭነት አንጠልጥሎ በመጥፎ መንገድ የሚበር ሰው ሻንሲውን ሊያጎብጥ ይችላል። ጉድጓዱ ከባሌስትራው ተነሥቶ ሻንሲው ላይ ሰፈረ፤ የተላለፈው ይህ ነው።

ቤተ እሳት የረገበውን ባሌስትራ አውጥተው፣ በከሰል ምድጃ አግመው፣ በመዶሻ ቅስቱን የሚመልሱ ናቸው። ይህ ቤት ከሁሉ ጥንታዊ፣ ከሁሉ ርካሽና ከሁሉ የሚያስደስት ነው። አንድ ቀን የታዘብነው ሙግት የሚከተለው ነው።

«ጋሼ፣ አይጨነቁ፤ ቀይ ሲል እናወጣዋለን።»

«ቀይ ስትል ምን ዓይነት ቀይ?»

«የቲማቲም ቀይ አይደለም፤ የብርቱካን ቀይ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ መዶሻ። ከዚያ ይቀዘቅዛል።»

«በምን?»

«በራሱ ነዋ፣ ጋሼ። ቸኩለው ነው?»

ሊቅ ሰው እዚህ ላይ ዝም ይላል፤ እኛ ግን ዝም አንልም። የባሌስትራ ብረት ፋብሪካ ሲሠራ እስከ 850 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ግሞ ዘይት ውስጥ ይነከራል፤ ቀጥሎም በዝቅተኛ ሙቀት ተመልሶ ይረጋጋል። ጎብጦ የመመለስ ጠባዩ የሚመጣው ከዚህ ሥርዓት ነው። በምድጃ አግሞ በአየር ብቻ የቀዘቀዘ ብረት ቅስት ያገኛል፤ ጠባዩን ግን ያጣል። ሲወጣ ከአዲስ የተለየ አይመስልም፤ ከጥቂት ወራት ጭነት በኋላ ግን ተመልሶ ይተኛል።

ቤተ ሙሉ በመጨረሻ የሚጠቀስ፣ በዋጋ ግን የመጀመሪያ ነው። የተሟላ ባሌስትራ፣ ከእሱ ጋር የተመዘነ ሾክ አብዞርበር፣ አዲስ ቡሽና አዲስ ዩቦልት በአንድ ላይ ይገዛል። ሥመ ጥሩ የአውስትራሊያው ኦልድ ማን ኢሙ ነው፤ ኤ.አር.ቢ. የተባለው ኩባንያ የሚያቀርበው። ጥበቡ ያለው ጥንካሬው ላይ አይደለም። ገዢው ዘወትር ስንት ኪሎ እንደሚጭን አስቀድሞ ይጠየቃል፤ የሚሰጠውም ለዚያ ክብደት የተሠራ ባሌስትራ ነው። ሻጮቻችን ይህን ጥያቄ በመጠኑ አሳጥረውታል፤ «ጋሼ፣ ይሄ ዋናው ኦርጅናል ነው» የሚለው ለሁሉም ክብደት ያገለግላል።

ምዕራፍ አራት፦ ስለ ሾክ አብዞርበር፣ የተናቀው ሊቅ

ሕዝቡ ባሌስትራን ያከብራል፤ ያየዋልና። ሾክ አብዞርበርን ግን ዘይት ሲያንጠባጥብ ብቻ ያስታውሰዋል። ይህ በታሪክ ከታዩት ፍትሕ ማጓደሎች አንዱ ነው። ባሌስትራ ክብደት ይሸከማል፤ መወዛወዝን ማቆም ግን አይችልም። የሚያቆመው ሾክ አብዞርበሩ ነው፤ ዘይትን በጠባብ ቀዳዳ እያሳለፈ እንቅስቃሴን ወደ ሙቀት ይለውጣል።

ከዚህ የሚከተለው ሕግ ሊነበብ የሚገባው ቆሞ ነው። የባሌስትራውን ግትርነት እጥፍ ያደረገ ሰው፣ የድሮውን ሾክ አብዞርበር ካልቀየረ፣ መቆጣጠሪያውን በ30 ከመቶ ገደማ አዳክሟል። ሾኩ ራሱ አልተለወጠም፤ የሚገዛው ባሌስትራ ግን በርትቶበታል። እንግዲህ «አጠንክሬዋለሁ፣ ለምን ይዘላል?» የሚለው ሰው ራሱ የጠየቀውን ራሱ አስገኝቷል።

ሥራን በወጉ ማካፈልም ያስፈልጋል። በ10 ሳንቲም ኮብልስቶን ላይ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በሰኮንድ ከ50 በላይ ድንጋይ ይቆጥራል። ይህን ባሌስትራ ሊከተለው አይችልም፤ ጎማውና የላስቲክ ቡሾቹ ናቸው የሚመክቱት። ስለዚህ በኮብልስቶን ጩኸት የተነሣ ባሌስትራ የሚያስቀይር ሰው ያልበደለውን አስሯል። የጠጠር መንገድ ላይ ያለው ተከታታይ ሽብሽብ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ጎማው በሰኮንድ አሥር ጊዜ አካባቢና ከዚያ በላይ ስለሚዘል ሾኩን ያግመዋል። ዘይቱ ይቀጥናል፤ አየርና ዘይት ተቀላቅለው አረፋ ይሆናሉ፤ ሾኩም ለጊዜው ሥራ ያቆማል። ፈረንሳዊው ክርስቲያን ቡርሲየ ደ ካርቦን ግፊት ያለው ጋዝ በአንድ ቱቦ ውስጥ ከዘይቱ ለይቶ ያስቀመጠው ይህን ችግር ለመፍታት ነው፤ የጀርመኑ ቢልስታይንም ጥበቡን ወስዶ አስፋፋው። ለጠጠር መንገድ የተሻለ ሾክ መግዛት ካለባቸው ሰዎች መካከል ጎረቤቱን ያየ ሳይሆን ሾኩን በእጁ ሲዳስስ ያቃጠለው ሰው ይቅደም።

ምዕራፍ አምስት፦ ስለ መዘዝ

ኋላ ሲነሣ የሚናደዱ ሦስት ወገኖች አሉ።

አንደኛው ፍሬን ነው። ብዙ ሃይሉክሶች ከኋላ አክስል ወደ ሻንሲ የሚወጣ ቀጭን ዘንግና ቫልቭ አላቸው። ሥራው መኪናው ምን ያህል እንደ ተጫነ ማወቅ ነው። ኋላው ሲረግብ «ጭነት አለ» ብሎ ለኋላ ፍሬን ግፊት ይጨምራል፤ ኋላው ሲነሣ «ባዶ ነው» ብሎ ይቀንሳል። በ5 ሳንቲም የተነሣ መኪና ሙሉ ተጭኖ እንኳ ቫልቩን ጭነቴ ጥቂት ነው ብሎ ይዋሸዋል። ኋላ ፍሬን ይዳከማል፤ የፊቱ ብቻውን ይሸከማል። ይህን ዘንግ እንደገና ማስተካከል የተነሣ መኪና ግዴታ ነው፤ ዋጋው ከባሌስትራው ጋር ሲተያይ ኢምንት ነው፤ ግን በዓይን ስለማይታይ ማንም አያዝዘውም።

ሁለተኛው መብራት ነው። በሃይሉክሱ የፊትና የኋላ እግር መካከል ያለው ርቀት 3 ሜትር ከ8 ሳንቲም ገደማ ነው። ኋላው በ5 ሳንቲም ብቻ ቢነሣ መኪናው ወደ ፊት አንድ ዲግሪ ገደማ ያዘነብላል፤ በ25 ሜትር ርቀት ላይም የፊት መብራቱ 40 ሳንቲም ያህል ወደ ታች ይወርዳል። ሾፌሩ ጎማው አጠገብ ያለውን ጠጠር በሚገባ ያያል፤ መንገድ የምታቋርጥ በቅሎን ግን ዘግይቶ። የጫነ ቀን ደግሞ ያው መብራት ተመልሶ ይወጣና ከፊት የሚመጣውን ሾፌር ሊያሳውር ይችላል።

ሦስተኛው መሪ ነው። በዚያችው አንድ ዲግሪ የፊት እግሮቹ የማዘንበያ አንግል ይቀንሳል። መሪው ይቀላል፤ ይህንንም ባለቤቱ እንደ ዕድገት ያከብረዋል። በአውራ ጎዳና ላይ ግን መኪናው ቀጥ ብሎ ለመሄድ ከወትሮው በላይ ማሳሰቢያ ይፈልጋል።

ምዕራፍ ስድስት፦ ድንጋጌ

ከላይ በተዘረዘረው መሠረት የሚከተለውን ደንግገናል።

አንድ፦ ማንኛውም ሰው ባሌስትራ ከማስቀየሩ በፊት መኪናውን ባዶና በዘወትር ጭነቱ የመኪና ሚዛን ላይ ያውጣ። ሳይመዘን የተገዛ ጥንካሬ ግምት ነው፤ ግምት ደግሞ ወገብ ይሰብራል።

ሁለት፦ አስቀድሞ ቡሹንና ሾክ አብዞርበሩን ያስመርምር። አብዛኛው «ባሌስትራው ደክሟል» የሚባል ክስ ያለ ባሌስትራው ጥፋት በእነዚህ ይዘጋል።

ሦስት፦ ባሌስትራ ከተቀየረ ሾኩ ከእሱ ጋር ይመዘን። ዩቦልት ድጋሚ አይታሰር፤ አንዴ ተለጥጧልና። የቡሽ ቡሎኖች መኪናው በክሪክ ተሰቅሎ ሳለ ሙሉ አይጠበቁ፤ ጎማዎቹ መሬት ነክተው፣ መኪናው በራሱ ክብደት ተቀምጦ ይጠበቁ፤ አለዚያ ላስቲኩ ተጠማዝዞ እንደ ታሰረ ይኖራል። ከተወሰነ መንገድ በኋላም ዩቦልቱ ድጋሚ ይጠበቅ።

አራት፦ የፍሬን ቫልቩ ዘንግና የመብራቱ አቅጣጫ በዚያው ቀን ይስተካከሉ። ለዚህ ገንዘብ አልቀረኝም የሚል ሰው ኋላውን ለማስነሣትም ገንዘብ አልነበረውም።

አምስት፦ የጎማ ነፋስ በሾፌሩ በር ምሰሶ ላይ ባለው ሠንጠረዥ ይሞላ። ለጭነት የተነፋ ጎማ ይዞ ባዶ የሚሄድ ሰው ባሌስትራውን መውቀስ አይችልም።

ስድስት፦ ባዶ መኪናውን ለከባድ ጭነት ያጠነከረ ሰው ወይ ጭነቱን ይጫን፣ ወይ ባሌስትራውን ይመልስ። ጭነት የሌለው ጥንካሬ ለተሳፋሪው የሚደርስ ጉድጓድ ነው።

ሰባት፦ ሥራው ሲያልቅ ሙከራ ይደረግ። ሙከራውን የሚያደርገው ባለ ጋራዡ አይደለም፤ ሾፌሩም አይደለም። ሾፌር ከኋላ አክስሉ ርቆ በፊት ወንበር ስለሚቀመጥ የጉድጓዱ የመጨረሻ ተረካቢ አይደለም፤ ተረካቢው ለኋላ አክስሉ ቀርቦ የተቀመጠው ሰው ነው። ስለዚህ ያሠራው ባለቤት ራሱ ከኋላ ወንበር ይቀመጥ፤ ሌላ ሰው ይንዳለት፤ መኪናው ባዶ ሆኖ ከአዲስ አበባ እስከ ደብረ ብርሃን ደርሶ ይመለስ። ከዚህ በኋላ ጥሩ ነው ካለ ጥሩ ነው። በዚህ ድርሳን ላይ ተቃውሞ ያለውም ሊቅ ተቃውሞውን ከኋላ ወንበር ሆኖ ያቅርብ፤ ከፊት ወንበር የሚቀርብን ተቃውሞ አንቀበልም።